ከጠርሙስ እስከ ጠርሙስ

አዲስ አሰልጣኝ የመጣለት ቡድን አዲስ ሠራተኛ እንደገባችበት ቤት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ጣሪያው ሳይቀር ይወለወላል፤ በሁለተኛው ሳምንት የሚታየው ቦታ ብቻ ይጠረጋል፤ በሦስተኛው ሳምንት ማዳም ምንጣፉን ገለጥ ብታደርገው የከረመው አቧራ ሁሉ እዚያው ተኝቶ ታገኘዋለች። ይህ ጅዳ፣ ጃሚዓ ሠፈር፣ ሻሂና ሳንዱች ከሚሸጥባት ቡፊያ በራፍ ላይ በተደረደሩት የፕላስቲክ ወንበሮች የተረጋገጠ እውቀት ነው። ትልልቆቹ ክለቦችም ያው ናቸው እንላለን። አሰልጣኝ ይሰናበታል፣ አዲሱ ይመጣል፣ ትናንት ወገቡን ይዞ ቆሞ የነበረው አጥቂ ዛሬ እስከ በረኛው ድረስ ወርዶ ኳስ ይነጥቃል። ሁለት ሳምንት። ከዚያ ሁሉም ወደ ጠባዩ ይመለሳል።

ስለዚህ የመካው ቶፊቅ የጃሚዓን ቡድን ፊሽካ የተረከበ ዕለት ያመነው አልነበረም። ያላመንነው እሱን አይደለም። ያላመንነው ሦስተኛውን ሳምንት ነው።

ቶፊቅ ተወልዶ ያደገው መካ ነው፣ ሩሰይፋ። አያቱ ከወሎ ለሐጅ ብለው ወጡ፤ ሐጁ ሲያልቅ «እስቲ ትንሽ ልረፍ» ብለው ተቀመጡ፤ ያቺ ዕረፍት ይኸው ሦስተኛ ትውልድ ላይ ደርሳለች። እናቱ አማርኛውን ከወተት ጋር አብረው ስላጠጡት፣ አገሩን በዕድሜው ሦስት ጊዜ ብቻ አይቶ እንደ ደሴ ሰው ያወራል፤ ሲቆጣ ብቻ ዐረብኛው ይቀድመዋል። ሥራው በታላቁ መስጊድ በሐረም ውስጥ አቅም ያነሳቸውን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ ጠዋፋቸውን፣ ማለትም የካዕባን ዙሪያ፣ እና ሰዕያቸውን፣ ማለትም በሰፋና መርዋ ኮረብቶች መካከል ያለውን ምልልስ፣ ማድረስ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ገፋ። ቡፊያው በር ላይ ተቀምጠን ርቀቱን ደማምረነው ከመካ ደሴ ሠላሳ ጊዜ ደርሶ መልስ ሆኖ አገኘነው፤ ያውም ባሕሩን በእግሩ እየተሻገረ። ግራ ጉልበቱ ያመፀበት ዓመት ኩባንያው ሙሽሪፍ አደረገው። ሙሽሪፍ ማለት አለቃ ነው፤ አሁን የሚገፉትን እሱ ይገፋል።

ከእሱ በፊት አሰልጣኛችን ነጋሽ ነበር። ነጋሽ የውሃ ቦቴ ነጂ ነው። ልቡ እንደ ቦቴው ሰፊ፣ እሱም እንደ ቦቴው ዳገት የማይወድ። የአሰልጣኝነት ስልቱ አንድ ናት፤ ከጨዋታ በፊት መንዲ ማብላት። ትልቅ ትሪ ሩዝ፣ በላዩ የተንጋለለ የበግ ጎድን። «ባዶ ሆድ ኳስ አይመታም» ይላል። ልጆቹም ጠግበው ይገባሉ፣ ገብተው ያዛጋሉ፣ ተጋጣሚ ኳስ ይዞ ሲያልፋቸው ሰላም ይሉታል። ሽንፈታቸው እንኳ ላብ አልነበረውም። አንዴ ስድስት ለባዶ ተሸንፈው፣ ማልያው ሳይታጠብ ለሚቀጥለው ሳምንት ደረሰ።

በነጋሽ ዘመን ቡድኑ ባለ በሌለ ኃይሉ ሲሮጥ የታየው አንድ ቀን ነው። ወረቀት የሚፈትሹት የጀዋዛት ፖሊሶች መኪና ከኳስ ሜዳችን፣ ከመልዐቡ፣ አጥር ውጭ ቀስ ብላ አለፈች። ሰባቱ ተጫዋቾች፣ ተቀያሪዎቹና የመስመር ዳኛው በአንድ ጊዜ እግሬ አውጪኝ አሉ፤ ሹመይሲ ወዳለው ማቆያ የሚወስዳቸው የመጣ መሰላቸው። የሁሉም ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኪሱ ውስጥ ነው፤ የአንዱም ቀን አላለፈም። አምበሉ አዲል በኋላ ሲጠየቅ፣ «ኢቃማ እንዳለኝ እኔ አውቃለሁ፤ እግሬ ግን ማንበብ አይችልም» አለ።

ይህ አዲል ፀጉር ቆራጭ ነው። ታላቅ እህቱ ሸሪፋ እዚያው ጃሚዓ አንድ ቤት ትሠራለች። ማዳሟ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግን የፈቀደችላት ዓርብ ከዐስር ሶላት እስከ ዒሻ ሶላት ነው፣ ከዚያ ወዲያ ወለም ዘለም የለም። የአዲል አለቃ በበኩሉ ዓርብ ማንንም ከፀጉር ቤቱ አያስወጣም፤ ሰው ሁሉ የሚቆረጠው ዓርብ ነዋ። አዲልን ብቻ የሚለቀው ማልያው ጀርባ ላይ የፀጉር ቤቱ ስም ስለተጻፈ ነው። ዓርብ ከዐስር በኋላ ያለችው የሜዳ ሰዓት የኛ ናት። ሸሪፋ አጥሩ ሥር ምንጣፍ ዘርግታ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ትቀመጣለች። ጨዋታው ሲያልቅ እህትና ወንድም መግሪባቸውን ሰግደው፣ የያዘችውን ሰንቡሳ እየበሉ፣ የእናታቸውን ጤና፣ የቤቱን ቆርቆሮ፣ የጎረቤቱን ሠርግ ያነሣሉ ይጥላሉ። አንድ ሠፈር እየኖሩ በሳምንት የሚተያዩባት ሰዓት ያቺ ብቻ ናት።

እናም አንድ ዓርብ የሜዳው ኃላፊ ቱርኪ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ መጣ።

«ይህችን ሰዓት የወደብ መጋዘን ልጆችም ይፈልጓታል» አለ በዐረብኛው። «እናንተ ስትጫወቱ አይቻለሁ፤ ሣሩ እንኳ አልተረገጠም። ዛሬ አራት ሳምንት ተጋጠሙ። ያሸነፈ ዓርብን ዓመቱን ሙሉ ይውሰድ። ለተሸነፈ ማክሰኞ ማለዳ ከፈጅር ሶላት በኋላ አለ።»

«እኩል ብንወጣስ?» አለ አዲል።

«ለወደቦቹ። እነሱ ቢያንስ ይሮጣሉ። ኸላስ።»

ማክሰኞ ከፈጅር በኋላ ሸሪፋ የማዳሟን ሦስት ልጆች ለትምህርት ቤት እያለበሰች ነው። ዓርብ ከዐስር በኋላ ደግሞ፣ ጨዋታ ከሌለ፣ አዲል መቀስ ይዞ ቆሟል። ማንም ማብራራት አላስፈለገውም። በዚያው ዓርብ የነጋሽ አሠሪ፣ ከፊሉ፣ ቦቴውንም ነጋሽንም ወደ ያንቡዕ አዛወራቸው፤ ነጋሽ ከጨዋታው በኋላ ፊሽካውን አዲል እጅ ላይ አስቀምጦ፣ «ልጆቹን አታስርብ» ብሎ ሄደ።

ቶፊቅ ዓርብ ዓርብ ከመካ የሚመጣው ልጁ ሀጀር ጃሚዓ ስላገባች ነው። የልጅ ልጁን አቅፎ ሲጠግብ፣ ጉልበቱን ለማፍታታት ወደ መልዐቡ ጎራ ይላል። በዚያችው ዓርብ፣ የነጋሽ የመጨረሻ ጨዋታ አራት ለባዶ አልቆ ነጋሽ እንደሄደ፣ አዲልን ከአጥሩ ሥር ጠራው።

«አምበሉ አንተ ነህ?»

«ነኝ፣ ጋሼ።»

«እስቲ ልጠይቅህ። መሮጥ ባለባችሁ ቦታ ትራመዳላችሁ፣ መራመድ ባለባችሁ ቦታ ትሮጣላችሁ። ለምንድን ነው?»

«መራመዱን ልክ አይተዋል። መሮጡን የት አዩብን?»

«ውሃ ልትጠጡ ስትሄዱ።»

አዲል ሳቀና የሰዓቲቱን ነገር አጫወተው። ቶፊቅ ምንጣፏን ወደምታጥፈው ሸሪፋ አንዴ አየት አደረገ። ከዚያ እጁን ዘረጋ። «ያቺን ፊሽካ ወዲህ በላት። መንዲ ከዛሬ ወዲያ ከጨዋታ በኋላ ነው።»

በመጀመሪያው ዓርብ የመጣው ሁለት የሎሚ ለስላሳ ጠርሙስ ይዞ ነው፤ አረንጓዴ። አንዱን ከሜዳው እኩሌታ ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ፣ ከመስመሩ ውጭ አቆማቸው። በመካከላቸው አሥራ አምስት እርምጃ ያህል ቢኖር ነው። ልጆቹን ሰበሰበ።

«ሰፋና መርዋ መካከል ሰባት ጊዜ ነው። መንገዱ ላይ አረንጓዴ መብራት የበራበት ቦታ አለ። ወንዱ እዚያ ሲደርስ ይሮጣል፣ መብራቱን ሲያልፍ ይራመዳል። ሁሉን መንገድ ልሩጥ ያለ በሦስተኛው ይቀመጣል፤ ሁሉን መንገድ የሚጎተት ከኋላው ያለውን ያቆማል። ሃያ ሁለት ዓመት ያየሁት ይህንን ነው። እናንተም ኳስ በነዚህ ጠርሙሶች መካከል ከተነጠቃችሁ፣ እስክትመልሱ ድረስ ሰባታችሁም ሩጡ። ከጠርሙሱ ውጭ ተራመዱ፣ ተንፍሱ፣ ቦታችሁን ያዙ። ዓይናችሁ ጠርሙሱን ይይ። ሜዳውን አትጠይቁት።»

የቡፊያው ሽማግሌ ሐጂ ሙሐመድ ከወንበራቸው ተነሥተው አጥሩ ድረስ መጡ። «ቶፊቅ፣ ዒባዳ፣ አላህን ማምለክ፣ ከኳስ ጋር ይደባለቃል እንዴ?»

«አይደባለቅም፣ ሐጂ። ዒባዳው ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። እኔ ያመጣሁት የገፊውን ሥራ ነው።»

ሐጂ ሙሐመድ ትንሽ አሰቡና፣ «ሥራስ ሐላል ነው» ብለው ሻሂያቸውን አስመጡ።

ያን ዓርብ የተሮጠውን ሩጫ ያየ ሰው ጅዳ ውስጥ ሌላ ነፋስ የለም ይላል። አጥሩ ላይ የተሰቀለ ልብስ ሁሉ ደረቀ። አጥቂያችን ዙበይር ሳይቀር ሮጠ። ዙበይር እዚሁ ጅዳ የተወለደ፣ ስልክ ጠጋኝ ነው፤ ኳስ ሲደርሰው ንጉሥ፣ ኳስ ሲነጠቅ እንግዳ። ተነጥቆ ሲያሳድድ ያየው ፍጡር አልነበረም፤ ያን ዕለት ሁለቴ አሳደደ፣ አንዴም ተሳስቶ የራሱን ጓደኛ ነጠቀ። በሁለተኛው ዓርብ ቶፊቅ ማንንም ሳያማክር አንዱን ጠርሙስ ሦስት እርምጃ ገፋ አደረገው። ልጆቹ ጠርሙስ እንጂ ሜዳ አይጠይቁምና አልታወቃቸውም።

እኛ ግን ወንበራችን ላይ ተደላድለን ሦስተኛውን ሳምንት ጠበቅን። ሸሪፋ ወደ ሜዳው ስታልፍ፣ አንዳችን የምንጣፉን ምሳሌ ለጎኑ ሰው ሲተርክ ሰማችው። ቆመች።

«እኔ እዚያ ቤት አሥራ አንደኛ ዓመቴ ነው» አለች። «ዛሬ ሂዱና ምንጣፉን ግለጡት።»

አንዳችን ሻሂውን ማማሰል ጀመረ።

«ለስንፍና ምሳሌ ስትሹ ከዚህ ወንበር ጀምሩ፤ ሩቅ አያስኬድም» ብላ መንገዷን ቀጠለች። ሻሂያችን በረደ።

ሦስተኛው ሳምንት ግን እኛን አላሳፈረንም። አዲል ሩብ ሰዓት ዘግይቶ ደረሰ። ሁለቱ ጭራሽ ቀሩ። የመጡት ጠርሙሱ ጋ ሲደርሱ ሩጫ የሚመስል ነገር ያሳዩና ወዲያው ይተዉታል፤ ክንዳቸው ይሮጣል፣ እግራቸው ይራመዳል። ዙበይር ጭኑን ይዞ መስመሩ ላይ ተቀመጠ።

«ወላሂ ዐሚ፣ ጭኔን ይዞኛል» አለ ቶፊቅን፤ ዐሚ ማለት አጎቴ ነው።

«የያዘህ ሦስተኛው ሳምንት ነው» አለ ቶፊቅ። «ና ተነሥ።»

አልጮኸም። ወደ መኪናው ሄዶ ከኋላ አንድ ያረጀ ተሽከርካሪ ወንበር አወረደ። የእናቱ ነበር፤ ከሞቱ በኋላም ዘይት እየቀባ ያቆየው። ከዚያ ዓይኑ ተቀያሪዎቹን ቃኝቶ ሚስከር ላይ አረፈ። ሚስከር የሩዝ ቤት ወጥ ቤት ነው፤ ሥራውን የሚወድ መሆኑ ከሩቅ ይታያል። ክብደቱን በትክክል የሚያውቅ ሚዛን እስካሁን አልተሠራም።

«ተቀመጥ።»

«እኔ ደግሞ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። አንተ ዛሬ እንግዳ ነህ። ሌሎቻችሁ፣ ሜዳውን ሰባት ዙር፣ በየተራ። ያላ።»

መጀመሪያ ዙበይር ያዘው። ሁለቱን ዙር እንደ ነፋስ አበረረው፤ ሚስከር ሊሞት እንዳለ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሸሃዳ ያዘ። በሦስተኛው መንኮራኩሩ የከበደ መሰለ። በአራተኛው ዙበይር ማንን እንደሚገፋ በጀርባው ማየት ጀመረ፣ እየጎበጠ። አምስተኛውን አጋምሶ ሣሩ ላይ ተንበረከከ። አዲል አራት ተኩል። ሌላው ሦስት፣ ከነልመናው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እንዲህ ነው፤ ልጆቹ በየጥጉ ፈሰው ቀሩ፣ ሚስከር ብቻ ደህና ነበር።

በመጨረሻ ቶፊቅ ራሱ ያዘው። እያነከሰ ጀመረ። ሚስከርን ስለ ሥራው ይጠይቀዋል። ሩዙን ስንት ሰዓት ትዘፈዝፋለህ? ቅርንፉዱ መቼ ነው የሚገባው? እያወሩ ሦስት፣ እያወሩ አምስት፣ እያወሩ ሰባት። ሰባተኛው ከመጀመሪያው ትንሽ ይፈጥን ነበር። ሲያቆም ግንባሩ ረጥቧል፣ ጉልበቱም ካልሲው ድረስ አብጧል ብንል ብዙ አልዋሸንም።

«የመጀመሪያውን ዙር ማንም ይገፋዋል» አለ። «እሱ ጉጉት ነው። አራተኛው ላይ ጉጉቱ ያልቃል፤ ያኔ የቀረህ ሥራህ ብቻ ነው። የተቀመጠውን ሰው ‹ደከመኝ፣ ከዚህ ራስህ ሂድ› አትለው ነገር፣ እግር የለው። የያዛችሁት ሰው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።»

አላመለከተም። ግን ሁሉም ወደ አጥሩ አየ። ሸሪፋ ሰንቡሳዋን በጨርቅ እየሸፈነች ነበር።

ዙበይር ሣሩ ላይ እንደተቀመጠ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ተነሣ፣ ወንበሩን ያዘ፣ የቀረችውን ሁለት ዙር ተኩል ማንም ሳያዘው ገፋ። ሚስከርም ዝም ብሎ ተገፋ፤ መቼም ሰው አገር ውስጥ እንዲህ ተጉዞ አያውቅም።

አራተኛው ዓርብ ደረሰ። የወደብ ልጆች ሲገቡ ሜዳው ጠበበ፤ ሳጥን ሲያነሡ የሚውሉ ናቸውና ትከሻቸው ከበሩ ጋር ተጋፋ። ነጋሽም ከያንቡዕ ድረስ ነድቶ መጣ፣ ባዶ እጁን እንዳይሆን አንድ ትሪ መንዲ ይዞ። ቶፊቅ እጅ ነሥቶ ተቀበለውና መንዲውን ከተሽከርካሪው ወንበር አጠገብ መኪናው ኋላ ውስጥ ቆለፈበት።

«ቢያንስ ጎድኑን» አለ ነጋሽ።

«ከፊሽካው በኋላ፣ ወንድሜ። ቁልፉ እዚህ ነው» ብሎ ኪሱን መታ።

ሁለቱም ቡድን አንድ መስመር ላይ ነው የተቀመጠው፤ የኛ በስተግራ፣ የነሱ በስተቀኝ። ሁለቱ ጠርሙሶች በቦታቸው ቆሙ። በስድስተኛው ደቂቃ ወደቦቹ አገቡ። ከዚያ ልጆቻችን ጠርሙሱን አዩ። ኳስ መሃል ላይ ሲነጠቁ ሰባቱም ይነሣሉ፣ ከመሃል ሲወጣ ይራመዳሉ፣ ይተነፍሳሉ። ዕረፍት ሊወጣ ሲል አዲል ከማዕዘን የመጣችውን በግንባሩ አስገባ። አንድ ለአንድ። ግን አንድ ለአንድ ማለት ማክሰኞ ማለት ነው።

በዕረፍቱ ሁሉም ውሃ ላይ ተረባረበ። በሁለተኛው ግማሽ ልጆቻችን የሚያጠቁት በስተቀኝ፣ ወደ ወደቦቹ መቀመጫ ሆነ። ጨዋታው ስምንት ደቂቃ ያህል እንደሄደ ቶፊቅ አንድ ነገር ጎረበጠው። ልጆቹ አያቆሙም። መሃሉን አልፈው፣ እስከ ተጋጣሚ ግብ አፍ ድረስ ያሳድዳሉ። መስመሩን ቢያይ የግራው ጠርሙስ አለ፣ የቀኙ የለም። ዞር ሲል ሚስከር አፉን እየጠረገ ነው።

«ሚስከር፣ እዚያ የነበረው የት ገባ?»

«የተረፈ መስሎኝ» አለ ሚስከር። «ቀዝቃዛም አልነበረም።»

ቶፊቅ አሻግሮ አየ። ከወደቦቹ መቀመጫ ጫፍ፣ ማዕዘኑ ጋ፣ አንድ ተቀያሪያቸው የራሱን ለስላሳ አስቀምጧል። ከዚያችው ሱቅ የተገዛ፣ ያው አረንጓዴ። ልጆቻችን የሚያዩት እሱን ነው። አሥራ ስምንቷ እርምጃ ሠላሳ አምስት ሆናለች፣ አንዳቸውም አላወቁም።

ነጋሽ ነገሩ ሲገባው ደነገጠ። «ጥራቸውና ንገራቸው። ይወድቁብሃል።»

ቶፊቅ አፉን ከፈተ። ከመብራቱ አልፎ የሚሮጥ ገፊ ሲያይ ሃያ ሁለት ዓመት ዝም ብሎ አያውቅም፤ «ቁጠብ፣ ገና አራት አለህ» ሲል ነው የኖረው። በዚህ ቅጽበት ዙበይር ግቡ አጠገብ ኳስ ተነጠቀ። እዚያ ቦታ ላይ ተነጥቆ የሚያደርገውን ሁላችንም እናውቃለን፤ እጁን ወገቡ ላይ ያደርግና ሰማዩን ይከሳል። ዙበይር ቀና አለ፣ ማዕዘኑ ጋ ያለችውን አረንጓዴ አየ፣ ጥርሱን ነክሶ ተከተለ።

ቶፊቅ አፉን ዘጋ። «እስከ ጠርሙሱ ብያቸዋለሁ» አለ። «አሁን ጠርሙሱ ውሸት ነው ብላቸው፣ ሌላ ጊዜ በምን ያምኑኛል?»

እና እሱም ተነሣ። በዚያ ጉልበቱ፣ በመስመሩ ዳር፣ ከግራው ጠርሙስ እስከ ማዕዘኑ እያነከሰ ከልጆቹ ጋር ይሮጥ ጀመር። ልጆቹ በተነሡ ቁጥር ይነሣል፣ በቆሙ ቁጥር ይራመዳል። ለነገሩ ሩጫ ለማለት የሚደፍር የለም፤ ግን ሜዳው ውስጥ የነበረ አንድም ልጅ እሱን እያየ መቆም አልቻለም።

ዐሥር ደቂቃ ሲቀር የወደቡ ተቀያሪ ጠማው። ጎንበስ ብሎ ወደ ጠርሙሱ እጁን ሰደደ። ቶፊቅ ከሜዳው ሌላ ጫፍ ነበር፤ ቢጮህም አይደርስም። ሸሪፋ ግን ማዕዘኑ አጠገብ ምንጣፏ ላይ ነች፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁሉን ታያለች።

«ወንድምዬ፣ ጠምቶህ ነው?» አለችው። «እሱ ፀሐይ ላይ ውሎ ፈልቷል። እንካ፣ በረዶ አለበት።»

የራሷን ቀዝቃዛ ውሃ በአጥሩ ቀዳዳ አቀበለችው። ሰንቡሳም ጨመረችበት። ልጁ ሊያመሰግን ተቀመጠ፣ ተቀምጦ ቀረ። ጠርሙሱ ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

ሦስት ደቂቃ ሲቀር የወደቦቹ ተከላካይ ኳሱን ይዞ ሊያርፍ ፈለገ። ከዚያ ዕለት በፊት ማንም እዚያ ድረስ መጥቶበት አያውቅም። ቀና ሲል ዙበይር፣ በስተቀኙ አዲል፣ ከመስመሩ ውጭ ደግሞ አንድ የሚያነክስ ሽማግሌ ሳይቀር ወደሱ እየመጡ ነው። ደንግጦ መታት። ኳሷ የዙበይርን ቅልጥም ገጭታ ወደ ኋላ ተመለሰች፣ በበረኛው እግር መሃል ሾልካ ገባች። ቆንጆ ጎል አልነበረችም። ዙበይር ራሱ መግባቷን ያወቀው ስንጮህ ነው።

የቀሩትን ደቂቃዎች እንዴት እንዳለፏቸው እነሱም አያስታውሱም። ወደቦቹ ትከሻቸውን ይዘው መጡ፤ አዲል አንዱን በደረቱ፣ አንዱን በፊቱ መለሰ። ፊሽካው ሲነፋ ሰባቱም በቆሙበት ተቀመጡ፣ ቶፊቅም መስመሩ ላይ።

ቱርኪ መጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ከስልኩ አንሥቶ ሜዳውን ቃኘ። «ዓርብ የእናንተ ነው» አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሣሩን ዳበሰ። «ሣሩን ግን ጎዳችሁት።»

ቶፊቅ መኪናው ድረስ በእግሩ መሄድ አልቻለም። ዙበይር የእናቱን ወንበር አምጥቶ አስቀመጠውና ገፋው፤ በዝግታ፣ ሳይቸኩል፣ ነጋሽን ስለ ያንቡዕ እየጠየቀ። መንዲው ተከፈተ። ሚስከር ሩዙን ቀምሶ ቅርንፉዱ በዝቷል አለ፤ በዚያ ቀን እሱን የሚናገረው አልነበረም። አጥሩ ሥር እህትና ወንድም መግሪብን ሰግደው ተቀምጠዋል። ሰንቡሳው አንድ ጎድሎ ነበር።

«አንዷን ማን በላብኝ?» አለ አዲል፣ ያበጠ አፍንጫውን እየዳሰሰ።

«ለቡድንህ ስል ለወደቡ ልጅ ሰጥቻት ነው» አለችው። «ይልቅ እማ ስለ ቆርቆሮው ደውላ ነበር።»

በአምስተኛው ሳምንት ስለሚሆነው የቡፊያው ወንበሮች ምንም ምሳሌ አልነበራቸውም፤ እስከ ሦስት ብቻ ነበር ያጠናነው። ቶፊቅ ከዐስር በኋላ እንደ ወትሮው ደረሰ፣ ጉልበቱን በፋሻ ጠቅልሎ። አንዱን ጠርሙስ በቦታው አቆመ። ሁለተኛውን ይዞ እያነከሰ ማዕዘኑ ድረስ ሄደና እዚያ አኖረው። ሚስከር አሽትቶ ተመለሰ፤ ውስጡ የሳሙና ውሃ ነበር።

ዙበይር ጫማውን እያሰረ ቀና አለ። «ዐሚ፣ ጠርሙሱ አልራቀም?»

«አልራቀም። ባለፈው ዓርብ እዚያው ነበር።»

ዙበይር ከግራው ጠርሙስ እስከ ማዕዘኑ በዓይኑ ለካ። ሚስከርን አየ፤ ሚስከር ወደ ሌላ አቅጣጫ አየ። ዙበይር ነገሩ ገባው። አፉን ለክርክር አሰናድቶ ሳለ ከአጥሩ ሥር ምንጣፍ ሲራገፍ ሰማ። ሸሪፋ እየዘረጋች ነው፤ የአዲል አለቃ ገና አሁን የለቀቀው አዲልም ፀጉር ከልብሱ እያራገፈ በበሩ ይገባል።

ዙበይር ካልሲውን እስከ ጉልበቱ ሳበ።

«ያላ» አለና ወደ ሜዳው ገባ።